ከመስቀል በኋላ ምን ይተከል? የበጋ አትክልትና የጓሮ አበባ አመራረጥ

(የዩኒየኑን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ለአባላት የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለው በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ሥርጭት፣ ስለ ስንዴና ጤፍ ግዢ እንዲሁም ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። መነገሩም ተገቢ ነው፤ ዩኒየኑ የቆመው በእነዚህ ነውና። ይሁን እንጂ ከመስቀል እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ የብዙ አባል ቤት ለጨው፣ ለዘይት፣ ለደብተርና ለሕክምና የሚያወጣው ገንዘብ የሚገኘው ከትልቁ ማሳ ሳይሆን ከጓሮና ወንዝ ዳር ካለች ሩብ ሄክታር የመስኖ መሬት ነው። በዚች መሬት ላይ ምን እንደሚተከል ሲወሰን ግን ከሁሉም ያነሰ ምክክር ይደረጋል። ስለ ስንዴ ዘር ሦስት ጊዜ የሚሰበሰብ ማኅበር ስለ ሽንኩርት አንድ ቀን እንኳ ሳይነጋገር መስከረም ያልፋል። በመሆኑም የዛሬው ንግግር በዚሁ ላይ ያተኩራል።

አሁን ያለው አመራረጥ እንዴት ነው? አንዱ ገበሬ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ጎረቤቱን ይመለከታል። «እገሌ አምና በሽንኩርት ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ» ይባላል። ወሬው በደቦና በዕድር ሲዞር ይከርምና መስከረም ሲጠባ ሁሉም የሽንኩርት ዘር ፍለጋ ከተማ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይረሳል። አምና ሽንኩርት የተወደደው የተከለው ሰው ጥቂት ስለነበረ ነው። ዘንድሮ ሁሉም ከተከለ ያ ዋጋ አይመለስም። ዘር ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ ደላላውም ያውቃል። ሳያውቅ የሚቀረው መሬቱንና ጉልበቱን ያፈሰሰው አባል ብቻ ነው።

ነገሩ በቁጥር ይታይ። 300 አባላት ያሉት አንድ መሠረታዊ ማኅበር አለ እንበል። እያንዳንዱ አባል በሩብ ሄክታር ላይ ሽንኩርት ተክሎ 60 ኩንታል ቢያገኝ በድምሩ 18,000 ኩንታል ይሆናል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ዘርቶ በአንድ ሰሞን ካዛወረ የሚቆፍረውም በአንድ ሰሞን ነው። 60 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ቢጓጓዝ 300 መኪና ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ መኪና ማለት ነው። በአንድ ሳምንት 300 አይሱዙ ወደ አንድ ቀበሌ አይመጣም። የሚመጣው 30 ወይም 40 ነው፤ ደላላውም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማን ቀድሞ ዋጋ እንደሚያወርድ ይጠብቃል። የቀረው ሽንኩርት በማሳው ዳር ተከምሮ ይበቅላል፣ ይበሰብሳል። ያ ማኅበር ግን በአራት ቡድን ተከፍሎ በሦስት ሦስት ሳምንት ልዩነት ቢተክል በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው መኪና 75 ብቻ ነው። ያንን ዩኒየኑ አስቀድሞ ውል ገብቶ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ የምን ይተከል ጥያቄ ከመቼ ይተከልና ከእነማን ጋር ይተከል ተለይቶ አይታይም።

የዩኒየኑ አባላት መሬት ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ደጋ ጀምሮ ጣርማበርን ወርዶ እስከ ሸዋሮቢት ቆላ ይዘረጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስትሆን ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ጠዋት በደጋው ካፖርት ደርቦ የተነሣ ሰው ቀትር ላይ ቆላ ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት የዘር ፓኬጅ ማደል እንደማይሠራ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ሲታደል ታይቷል።

በደጋው ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ውርጭ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ጸጥ ሲል ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ዱባና ድንች ይህን አይችሉም፤ በአንድ ሌሊት ቅጠላቸው በፈላ ውሃ እንደተነከረ ሆኖ ያድራል። ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ይችላሉ። እንዲያውም ጎመንና ካሮት ብርድ ሲነካቸው ጣዕማቸው ይጣፍጣል፤ ይህንን የደጋ እናቶች ከማንም በፊት ያውቁታል። በመሆኑም በደጋው ከመስቀል በኋላ የሚተከለው ከእነዚህ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ድንች መትከል የሚፈልግ ከጥር አጋማሽ በኋላ ቢጀምር የተሻለ ነው። ድንቹ ከመሬት ብቅ ለማለት ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚወስድበት፣ ቅጠል ሲያወጣ ዋናው ውርጭ አልፎ ይጠብቀዋል።

የቦታ አመራረጥም አለ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ብዙ አባላት ለውሃው ሲሉ ጓሮአቸውን የሚያበጁት በዚያው ረባዳ መሬት ላይ ነው። ጥቂት ከፍ ያለ፣ የጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኝ ተዳፋት ካለ ለስስ ችግኝ እሱ ይሻላል። ውርጭ የሚያሰጋ ምሽት ሲሆን በቀን መሬቱን ማጠጣት ይጠቅማል፤ እርጥብ መሬት ከደረቅ መሬት ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። የችግኝ መደብ ላይ ዝቅተኛ ዳስ ሠርቶ ማታ ሣር መደርደርና ጠዋት ማንሣት የቆየ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ከእሱ የረከሰ መድኃኒት አልተገኘም።

ለደጋው ነጭ ሽንኩርት ከሁሉም የተሻለ ገቢ የሚሰጥ ተክል ሊሆን ይችላል፤ ውርጭን ይችላል፣ በደንብ ከደረቀ ለወራት ይቀመጣል፣ አንድ ጆንያውም በአህያ ተጭኖ ገበያ ይደርሳል። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጸዳይ 92፣ ቢሾፍቱ ነጭና ኩሪፍቱ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ። የአካባቢው ዘርም ቢሆን ጤናማ ከሆነ መልካም ነው፤ ከራሱ ላይ ትልልቆቹን ፍሬዎች ለዘር፣ ትንንሾቹን ለወጥ መለየት ብቻ ይጠይቃል። በብዙ ቤት የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ትልቁ ይሸጣል፣ ለዘር የማይረባው ይቀራል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሥር አበስብሱ በሽታ ነው። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ይቢጫል፣ ሲነቀል ሥሩ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታና እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። እነዚያ ጥቁር ነጥቦች በአፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። በሽታው የታየበት መሬት ላይ ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት መልሶ መትከል ገንዘብ መቅበር ነው። ከዚያ ማሳ የወጣ ዘር በርካሽ ተገኘ ብሎ መግዛት ደግሞ በሽታውን በገዛ ገንዘብ ወደ ጓሮ ማስገባት ነው። ዩኒየኑ በዚህ ረገድ ሊያደርግ የሚችለው ትልቅ ነገር ከየት ማሳ የወጣ ዘር እንደሆነ መዝግቦ መያዝ ነው።

ወደ ቆላው ስንወርድ ውርጩ ይቀርና ውሃውና ገበያው ይመጣሉ። በሸዋሮቢትና በአካባቢው ያሉት የሮቢና የጀውሃ ወንዞች በጥቅምት ሲታዩ የማይነጥፉ ይመስላሉ። በየካቲትና በመጋቢት የሚያዩአቸው ግን ሌላ ናቸው። ጥቅምት ላይ ውሃ አይቶ የተከለና መጋቢት ላይ ውሃ አጥቶ ያለቀሰ አባል ብዙ ነው። ስለዚህ የመስኖ መሬት ስፋት መለካት ያለበት በመጋቢት ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ተራ አንድ ሐሳብ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ሁሉንም ላያስደስት ይችላል። በብዙ ቦይ ላይ ቀድሞ የሚተክለው ከምንጩ አጠገብ ያለው ገበሬ ነው፤ ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሱ ስለሆነ። ወደ ቦዩ ጫፍ ያለው ኋላ ይተክላል፤ ውሃው ሲቀንስም ሰብሉ ገና አፍላ ላይ ነው። የሚደርቀውም እሱ ነው። በቡድን የመትከል አሠራር ከተጀመረ ግን መጀመሪያ መትከል ያለባቸው በቦዩ ጫፍ ያሉት ናቸው፤ ውሃው ሳይቀንስ ሰብላቸው ይደርሳል። ከምንጩ አጠገብ ያሉት ዘግይተው ቢተክሉም ቀሪው ውሃ ለእነሱ ይደርሳቸዋል። ጉዳዩን ከማንም በላይ የሚያውቀው የውሃ አባት ነው። የማኅበሩ አመራር ዘር ከማደሉ በፊት ከውሃ አባቱ ጋር ቁጭ ብሎ የቦዩን ተራ ከዘሩ ተራ ጋር ቢያስማማ በየካቲት በአካፋ የሚደረገው ጠብ ይቀንሳል።

ገበያውን በተመለከተ ሽንኩርት የሚወደድበት ቀን ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ለዶሮ ወጥ የሚቀነጠሰው ሽንኩርት ስንት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ችግሩ ፋሲካ ቋሚ ቀን የሌለው መሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ነበር፤ የ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ነው፤ የ2019 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 24 ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል 20 ቀን ልዩነት አለ። «ሁልጊዜ ጥቅምት በገባ በሳምንቱ ነው የምዘራው» የሚል አባል አንዱን ዓመት በትክክል ይደርሳል፣ ሌላውን ዓመት ገበያው ሳይከፈት ሽንኩርቱን ያወጣል።

የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ በጣት የሚቆጠር ነው። ቦምቤይ ሬድ የሚባለው ዝርያ ቶሎ ይደርሳል፤ ከችግኝ መደብ ከተዛወረ በኋላ 110 ቀን ቢያዝለት ይበቃዋል። በችግኝ መደብ ላይ 50 ቀን ገደማ ይቆያል። ተቆፍሮ በጥላ እንዲደርቅና መኪና እንዲገኝለት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል። ለ2018 ፋሲካ መጋቢት 18 ለመቆፈር ኅዳር 28 መዛወር፣ ጥቅምት 8 መዘራት አለበት ማለት ነው። ለ2019 ግን ቁፋሮው ሚያዝያ 8፣ ማዛወሩ ታኅሣሥ 18፣ ዘሩ ጥቅምት 28 ይሆናል። አዳማ ሬድ የያዘ ሰው ከዚህ ላይ ሌላ ከ10 እስከ 25 ቀን ይጨምር። የሚያዝያው ቁፋሮ የራሱ አደጋ አለው፤ የበልግ ዝናብ ተቆፍሮ የተኛ ሽንኩርት ላይ ከወረደ ይበሰብሳል። ስለዚህ በ2019 ዓ.ም. ለፋሲካ የሚያነጣጥረው ቡድን መጠለያ ዳስ ያለው መሆን አለበት፤ ዳስ የሌለው ቀደም ብሎ ዘርቶ ቀደም ብሎ ቢሸጥ ይሻለዋል።

የጾሙ ገበያ ሌላ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሰላጣ ይፈለጋሉ። በ2019 ዓ.ም. ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ቀን ነው። ጥቅል ጎመን ከዘር እስከ ቆረጣ አራት ወር ቢያዝለት፣ ለጾሙ መግቢያ ጥቅምት መጨረሻ ላይ በመደብ መዘራት ይኖርበታል፤ በደጋው ብርዱ ስለሚያዘገየው ጥቂት ቀደም ይበል። የረመዳን ጾም ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይገባል። የሸዋሮቢትና የከሚሴ ገበያ በረመዳን ለሾርባና ለሳምቡሳ የሚፈልገው ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ቀላል አይደለም። ይህን ገበያ ከአባላት መካከል በደንብ የሚያውቁት ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ስለሆኑ በእቅድ ኮሚቴው ውስጥ ድምፃቸው መሰማት አለበት።

ስለ ቲማቲም ብዙ ማለት ይቻላል፤ እዚህ ግን ባጭሩ ይበቃል። ቲማቲም አይቀመጥም፤ በበሰለ በጥቂት ቀን ካልተሸጠ ኪሳራ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ቱታ አብሶሉታ የተባለው ቅጠልና ፍሬ ሰርሳሪ ተባይ ሀገራችን ገብቷል፤ ድንችንም ይይዛል። በመሆኑም ቲማቲምን ከድንች አጠገብ ወይም ድንች በተነሣበት መሬት ላይ መትከል አይመከርም። ማሳውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለማየት ጊዜ የሌለው ሰው ቲማቲም ባይጀምር ጥሩ ነው።

አሁን ወደ አበባው። የአርሶ አደር ጉባኤ ላይ ስለ አበባ ሲነሣ ፈገግ የሚል ሰው አይጠፋም። አበባ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በመስታወት ቤት የሚመረተውንና በአውሮፕላን የሚላከውን ጽጌረዳ ነው። እሱ ማቀዝቀዣና ብዙ ካፒታል የሚፈልግ ስለሆነ ለሩብ ሄክታር ባለቤት የሚመከር አይደለም። እዚህ የሚነሣው ከአትክልቱ ጎን የሚተከለው አበባ ነው፤ ሥራውም ንብ መመገብ ነው።

መስከረምና ጥቅምት ላይ አደይ አበባና መጭ ተራራውን ያለብሱታል፤ ኑግም በዚሁ ወቅት ያብባል። የኅዳሩ ማር የሚገኘው ከእነዚህ ነው። ኑግ ራሱ ፍሬ የሚይዘው ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድለት ነው፤ ዱባም እንደዚሁ። የዱባ አበባ የሚከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ስለሆነ ያን ጠዋት ንብ ካልመጣች ፍሬው ይረግፋል። እንግዲህ ወሰን ላይ ያለውን አበባ ሁሉ በቱ ፎር ዲ አቃጥሎ፣ ጠዋት ንብ በምትወጣበት ሰዓት ፀረ ተባይ ረጭቶ «ዘንድሮ ዱባው ለምን አልያዘም» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። መርጨት ግድ ከሆነ ንቧ ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ወደ ማምሻው ይሁን።

ከኅዳር በኋላ ተራራው ይደርቃል፤ ንቧ የምትቀስመው ታጣለች። ያን ጊዜ በመስኖ ዳር ያለች ጥቂት አበባ ቀፎው እንዳይከዳ ታደርጋለች። የሚመረጡት ለዓይን ብቻ የሚያምሩት አይደሉም። ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ሱፍ በቦዩ ግራና ቀኝ ቢዘሩ ንቧም ትጠግባለች፣ ፍሬያቸውና ቅጠላቸውም ለበርበሬና ለሽሮ ቅመም ይሸጣል። ድንብላል ሲያብብ ክሽክሽን የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትም ይሰበስባል። ከሐበሻ ጎመኑ አምስት ስድስት እግር ሳይቀነጠብ ተትቶ ቢያብብ ለንብ ቀለብ፣ ለከርሞም ዘር ይሆናል። የሥር ቋጠሮ የሚያመጣው ትል ያስቸገረው የቲማቲም መሬት ላይ ደግሞ ማሪጎልድ የምትባለውን ብርቱካናማ አበባ ለአንድ ወቅት ጥቅጥቅ አድርጎ መትከል ትሉን ይቀንሳል፤ በየማሳው ጥግ ሁለት ሦስት እግር መትከል ግን ከማሳመር በቀር ብዙ አይሠራም።

ጤና አዳምና አሪቲም መረሳት የለባቸውም። ለቡናና ለበዓል በእስር በእስር የሚሸጡ ናቸው፤ ገንዘቡም በእናቶች እጅ ይገባል። የጓሮውን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት እነሱ ሆነው ሳለ በብዙ ማኅበራት መዝገብ ላይ የሚገኘው የባል ስም ብቻ ነው። ስለ ጓሮ የሚሰጥ ሥልጠና ላይ የሚጠሩትም ባሎች ናቸው። ባልና ሚስት ሁለቱም አባል መሆን እየቻሉ ይህ ለምን እንደሚቀጥል የየማኅበሩ አመራር ቢያስብበት ይገባል።

ከአበባ ሁሉ ውድ የሆነው ግን የሽንኩርት አበባ ነው። የሽንኩርት ዘር ከውጭ ሲመጣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዘርና መድኃኒት ምን ያህል እንደሚከብድ አባላት በኪሳቸው ያውቁታል። ቦምቤይ ሬድና አዳማ ሬድ ዲቃላ ዝርያዎች ስላልሆኑ ዘራቸው በአባላት ማሳ ሊባዛ ይችላል። የተመረጠ ራስ ሽንኩርት በመስከረምና በጥቅምት ይተከላል፣ በብርዱ ወራት ቃጭል የመሰለ ክብ አበባ ያወጣል፣ ንብም ታዳቅለዋለች። ከሌላ ዝርያ ማሳ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት። ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን አያስከብረውም፤ ጎረቤቱ ያሻውን ዝርያ አበባ እንዲያወጣ ቢተወው ድካሙ ከንቱ ነው። ማኅበር ግን ያስከብረዋል። ቀፎ ያላቸውና ሽንኩርት ዘር የሚያባዙ አባላት ጎን ለጎን እንዲሆኑ ማድረግም የሚችለው ማኅበር ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ማርን ያካተተ በመሆኑ፣ ቀፎ ሲታደል ቀፎው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ በጥር ወር ምን እንደሚያብብ አብሮ ቢታሰብ ቀፎው ባዶ አይቀርም።

ከየትም የመጣ የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ አንድ ዓመት በሞቃት መጋዘን ከከረመ ብዙው አይበቅልም። በመሆኑም ከመዘራቱ በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተጠበቀ ከ7 እስከ 10 ቀን ማቆየትና የበቀለውን መቁጠር ያስፈልጋል። ከ70 በታች ከሆነ ዘሩ ለሻጩ ይመለስ። አንድ ኪሎ ዘር ለሩብ ሄክታር ይበቃል፤ ሁለት ኪሎ የሚዘራ ሰው ወይ ዘሩን አያምነውም ወይ አልፈተነውም። ሙከራው የሚፈልገው አንድ ጨርቅና አንድ ሳምንት ነው። ይህን ሥራ ዩኒየኑ ለአባላት ከማከፋፈሉ በፊት ቢሠራው 300 ቤት ከመጨነቅ ይድናል።

ለወረዳና ለቀበሌ አመራሮች ደግሞ አንድ ነገር። የኩታ ገጠም አሠራር በስንዴ ላይ ውጤት አሳይቷል። ስንዴ በኮምባይነር ይታጨዳል፣ በጎተራ ይቀመጣል፣ ዋጋው እስኪሻሻል ይጠበቃል። ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ይኸው አሠራር እንዳለ ሲገለበጥ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ተክል በአንድ ሳምንት ይተክላል፤ ከላይ በአይሱዙ የታየው ችግር የሚፈጠረው በዚህ ነው። መሬቱ ኩታ ገጠም ይሁን፣ ውሃውና ጥበቃውም የጋራ ይሁን፤ የመትከያው ቀን ግን ይከፋፈል። በሪፖርት ላይም «ይህን ያህል ሄክታር በአትክልት ተሸፈነ» ተብሎ ሲላክ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በምን ዋጋ እንደተሸጠ የሚያሳይ አንድ ዓምድ ቢጨመር የበጋው ሥራ በትክክል ይታያል።

ለሥራው የሚያስፈልገው መዝገብ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ ደብተር ይከፈታል። በእሱ ላይ የአባሉና የባለቤቱ ስም፣ መሬቱ ከቦዩ ራስ ወይም ጫፍ መሆኑ፣ ዘንድሮ ሊተክል ያሰበው አትክልትና አበባ፣ አምና በዚያው መሬት ላይ የነበረው ተክል ይጻፋል። መዝገቡ ከመስቀል በፊት ተሞልቶ ለዩኒየኑ ሲደርስ የትኛው ተክል እንደበዛና የትኛው እንዳነሰ ይደመራል፤ ድምሩም በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማንበብ ለማይችሉም በዕድርና በገበያ ቀን ይነገራል። ድምሩን አይቶ ሐሳቡን መለወጥ የሚፈልግ አባል እስከ ጥቅምት 1 ቀን ድረስ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስታውቃል፤ የቡድኑ ተራና የዘሩ እደላ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።